ደምሴ ለብሩክ መኪና የበየደው ብረት

ደምሴ የታወቀ በያጅ ነበር። ቡታጅራ ውስጥ እሱ የሠራው የግቢ በር የሌለበት ሰፈር አይገኝም ማለት ይቀላል። የሚሊኒየሙ በዓል ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ግን አይቶት የማያውቀው ሥራ ደጁ ድረስ መጣ።

ያመጣው ብሩክ ነው፤ የሚስቱ የሸዋዬ የወንድም ልጅ። ወላጆቹ ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጉት እነሱ ናቸው። አዲስ አበባ ገብቶ መካኒክ ከሆነ በኋላ የመኪና ውድድር ፍቅር ያዘውና ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ የስፖርት መኪና ገዛ።

«ጋሼ፣ ሻንሲዋ ልል ነው» አለው። «ኩርባ ላይ በፍጥነት ስገባ ትጣመማለች። ውስጧን በቱቦ ብረት አስረህ አጠንክርልኝ። ብትገለበጥም ጣሪያው አይጫነኝም።»

ሸዋዬ «ብትገለበጥ» የሚለውን ስትሰማ ክው አለች። ልጁ ወጣ እንዳለ ባሏን፣

«ይህን ከሠራህለት፣ እንደልብህ ብረር ብለህ መረቅከው ማለት ነው» አለችው።

«ባልሠራለትስ ይተወዋል?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸዋዬ እሱ የሚሠራበት ጋራዥ ብቅ ማለት ተወች።

ደምሴ ወፍራም ቱቦ አጥፎ ከወንበሮቹ ጀርባ አንድ ቅስት አቆመ፤ ከፊትም ሌላ። ሁለቱን በጣሪያው ሥር አያያዛቸው። ከዚያ መኪናዋን ባንድ ጥጓ በክሪክ አነሳና በሩን ሳበው። ተቀረቀረ። አካሏ አሁንም ይጣመማል ማለት ነው። ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ቱቦዎቹ ያረፉበት የወለል ላሜራ ስስ ኖሮ ይረግባል። እግሮቹን ሁሉ ቆርጦ፣ ወፍራም ብረት ከሥራቸው አንጥፎ፣ ማገር እንደሚመታ ሰው አግድም ቱቦ ጨምሮ እንደገና በየደ። አሁን በክሪክ ሲያነሳት በሩ ያለችግር ተከፈተ።

ደስ አለው፤ ደስታው ግን አልቆየም። ምነው ባላስፈለገ እያለ የሠራው ሥራ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ብሩክ መኪናዋን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ የቡኢን ከተማ እንዳለፈ ዝናብ ባረጠበው ኩርባ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ባልና ሚስቱ ወሬው ሲደርሳቸው በሚኒባስ ገሰገሱ። ልጁ ክንዱን በገበሬ ነጠላ ታስሮ መንገድ ዳር ተቀምጧል። ሸዋዬ ተጠምጥማበት አለቀሰች።

ደምሴ ወደ መኪናዋ ሄደ። አንዱ ቱቦ ታጥፏል፤ ጣሪያው ግን አልወረደም። ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ብረቱ ባይኖር ልጁ አይተርፍም ነበር። ብረቱ ባይኖር ደግሞ ምናልባት እንዲያ በፍጥነት አይነዳም ነበር። ሁለቱም እውነት መሰለው።

«ተነስ በል፣ ብርድ ይመታሃል» አለችና ሸዋዬ እጁን ይዛ አስነሳችው።

ብሩክ ክንዱ ሲሻለው ውድድሩን አልተወም። ደምሴ የታጠፈውን ቱቦ ማቃናት አልፈለገም፤ ቆርጦ አውጥቶ በአዲስ ተካው። ሸዋዬ ጋራዡ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ቀረብ ብላ እያየች፣ «እዚች ጋ ድገመው» ትለው ነበር። እሱም ይደግመዋል።