መርዶ ይዤ በረዶ አገር

በረዶ ለማየት ገንዘብ መክፈል ለኔ እብደት ነው። ዙሪክ ውስጥ ሽዋመንዲንገን በሚባለው ሰፈር የአንድ ማኅበር መኖሪያ ቤቶች ሃውስቫርት ነኝ፤ አምፖል የምቀይር፣ የተደፈነ ቱቦ የምከፍት፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ተከራዩ ከእንቅልፉ ሳይነሳ በረዶ የምዝቅ ሰው። እንዲህ ስኖር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ወገቤን የጨረሰው በረዶ ነው፣ ጉልበቴንም የጨረሰው እሱ ነው። ስለዚህ ወዳጄ ከጄኔቭ ደውሎ «ኖርዌይ ሰሜን ጫፍ እንሂድ፣ ፊዮርድ እናያለን፣ ውሾች በሚጎትቱት ሠረገላ በረዶ ላይ እንሄዳለን» ሲለኝ፣ መልሴ «አካፋዬን ይዤ ልምጣ?» የሚል ነበር።

ከወዳጄ ጋር የተዋወቅነው ስዊዘርላንድ የገባን ሰሞን ነው። ስደተኛ መቀበያው ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ደረሰን፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። በኋላ ሲያከፋፍሉን እሱን ለጄኔቭ፣ እኔን ለዙሪክ ሰጡን። እሱ ፈረንሳይኛ ለመደ፣ እኔ የዙሪኮቹን ጀርመንኛ። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ባቡር ቢለያየንም ወዳጅነታችን እንደነበረ ቆየ። እሱ ዕድሜውን በሹፌርነት ጨርሶ አምና ጡረታ ወጣ። ሚስቱን ከቀበረ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ከልቡ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። በልጅነቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ የዋልታ ተጓዦች መጽሐፍ አግኝቶ ካነበበ ጀምሮ ያንን አገር የማየት አባዜ ይዞታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ነዘነዘኝ። በመጨረሻ፣ ምናልባት ይስቅ ይሆናል ብዬ እሺ አልኩ።

የሄድነው በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ሐሙስ ቀን ነው። እሱ በመጀመሪያው ባቡር ከጄኔቭ መጥቶ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ተገናኘን። አዲስ ሹራብ፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ኮፍያ ለብሶ ሙሽራ መስሏል። ፍተሻውን አልፈን በሩ አጠገብ እንደተቀመጥን «ቸኮላት ልግዛ» ብሎ ሄደ። ወዲያው ናቴሌ፣ ያው ሞባይሌ፣ ጠራ። የጄኔቭ እድራችን ሰብሳቢ ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ።

«አጠገብህ ነው?» አሉኝ።

«የለም፣ ቸኮላት ሊገዛ ሄዷል። ምነው ጋሼ?»

«እንግዲህ ልብህን ጠንከር አድርግ። እህቱ አዲስ አበባ ሌሊት አርፋለች። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

እህቱ ማለት እናቱ ናቸው። እናታቸው እሱን ወልዳ በአራስ ቤት ስትሞት፣ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሳያገቡ የቀሩትም በሱ ምክንያት ነው ይባላል። እቴቴ ነው የሚላት፤ እኔም አንድ ቀን በዓይኔ ሳላያቸው እቴቴ እላቸው ነበር። በየእሑዱ ሳይደውልላቸው አይውልም።

«ልንገረውና እንመለስ» አልኩ።

«ኧረ በማርያም! አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሰው በሌለበት? ለቀብሩ እንደሆነ አሁን ቢበርም አይደርስም። ዕረፍቱን ጨርሶ ይመለስ። ረቡዕ በማለዳ ሰው ሰብስበን ቤቱ እንነግረዋለን። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው። አደራ ልጄ።»

አደራ ካሉ አለቀ። መርዶ በሥርዓቱ ነው የሚነገረው፣ በማለዳ፣ በቤቱ፣ ደግፎ የሚይዘው ሰው ባለበት። እኔም ራሴ ስንት ቤት በር ላይ ጎህ ሲቀድ ቆሜያለሁ። ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል ወዳጄ ሦስት ባኮ ቸኮላት ይዞ ይመጣል። «አንዱ የእቴቴ ነው» አለኝ፣ «ሰው ሲሄድ እልክላታለሁ።» ጥሩ አድርገሃል አልኩት።

ያረፍንባት የኖርዌይ ከተማ ትንሽ ናት። ተራራው ከባሕሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ባሕሩ ተራሮቹን ሰንጥቆ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ፊዮርድ የሚሉት እሱን ነው። በዚያ ሁሉ ብርድ ውሃው በረዶ አይሆንም፣ ጥቁር ሆኖ ዝም ብሎ ተኝቷል። ቤቶቹ ቀይና ቢጫ የተቀቡ የእንጨት ቤቶች ናቸው። በባሕሩ ዳር በትልልቅ የእንጨት ቆጥ ላይ አሳ እንደ ቋንጣ ተሰቅሎ ይደርቃል፣ ሽታው እስከ ሆቴላችን ይመጣል። ወዳጄ ደግሞ በዐቢይ ጾም አሳ አይበላም፤ ይበላል ከሚሉት ጋር ጄኔቭ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በየዓመቱ ሲከራከር የኖረ ሰው ነው። እኔ ልበላ አስቤ ነበር የሄድኩት። ከዚያ ስልክ በኋላ ግን አልወርድልህ አለኝ። ስድስት ቀን ሙሉ፣ አሳ በሞላበት አገር፣ ሁለታችንም ድንች በዳቦ በላን።

«አንተም ጻድቅ ሆንክ?» እያለ ያሾፍብኛል።

ዓርብ ሙዚየም ገባን። የድሮ የዕቃ መጋዘን ነው፣ ወለሉ ሲጥ ሲጥ ይላል። የድሮ ሰዎች ከዚህ ከተማ ተነስተው ነጭ ድብና ቀበሮ ሊያድኑ ሰው ወደማይኖርባቸው ደሴቶች ይሄዱ ነበር። እዚያ ይከርማሉ፣ ወሬ የሚሰሙት በበጋ መርከብ ሲመጣ ብቻ ነው። አስጎብኚያችን ጸጉራቸው የነጣ ሴት ናቸው። ስለ አንድ አዳኝ ነገሩን። ክረምቱን ሙሉ ለእናቱ የሚሆን ቆዳ እየመረጠ ሲያለፋ ከርሞ፣ በበጋ ወደቡ ላይ ሲወርድ እናቱ ከሞቱ ዘጠኝ ወር እንደሆናቸው ነገሩት አሉን። አሁን ልንገረው፣ እዚሁ ላውጣው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ወዳጄ ቀደመኝ።

«ታድሎ» አለ። «ክረምቱን በሙሉ በሕይወት አለችለት።»

አፌን መልሼ ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት፣ ውስጤ ሲረበሽ ያቺን «ታድሎ» እያነሳሁ ራሴን አባበልኩባት። እሱ ራሱ ብሎታል እላለሁ።

ቅዳሜ የውሾቹ ቀን ነበር። እኔ ውሻ እፈራለሁ፤ ስሠራ ሁለት ጊዜ ተነክሻለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ አርባ የሚሆኑ ውሾች በሰንሰለት ታስረው ይጠብቁናል። ሠረገላው መውጣቱን ሲያውቁ አንገታቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ሁሉም ባንድ ላይ ማላዘን ጀመሩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ወዳጄ ፈገግ ብሎ ያያቸዋል።

«እቴቴ እዚህ ብትሆን አስበኸዋል?» አለኝ። «አንድ ውሻ ሲያላዝን ከሰማች ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሊሞት ነው ብላ አታድርም። ይሄን ብትሰማ አገሩ አለቀ ትል ነበር!»

ያን ሰዓት አዲስ አበባ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ተቀምጧል፤ የእቴቴ ሰልስት ነው። ፊቴን አዞርኩ። ምነው ሲለኝ «ነፋሱ ዓይኔን» አልኩት። እንባዬ ጉንጬ ላይ ቀዘቀዘ። እሱ ሠረገላው ኋላ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ እየጮኸ ሜዳውን ሲያቋርጥ፣ አራት ዓመት የጠበቅሁት ሳቅ በመጨረሻ መጣ። ፎቶ አንሳኝ አለኝ፣ አነሳሁት። ካነሳኋቸው አራት ፎቶዎች ሦስቱ ተበላሽተዋል።

ማታ ማታ እሱ ትራሱን እንደነካ ይተኛል። እኔ በረዶ ስዝቅ ከምውልባቸው ቀናት ይልቅ ምንም ሳልሠራ በዋልኩባቸው በእነዚያ ቀናት ደከምኩ። ፊትን ማስተዳደር እንዲህ አድካሚ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስለ እቴቴ ስናወራ «ነበሩ» እንዳልል ቃሌን እየመረጥኩ፣ ስልኩ በጠራ ቁጥር እየደነገጥኩ፣ ሲስቅ እየሳቅሁ። ልንገረው እላለሁ፣ ከዚያ ብቻውን እዚህ ቢወድቅብኝስ እላለሁ፣ ከዚያ የጋሼ አደራ ይመጣብኛል። እውነቱን ለመናገር ፈሪም ነኝ።

እሑድ ከቁርስ በኋላ ወዳጄ እንደ ልማዱ ለእቴቴ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር እኔም እሰማለሁ። ያነሳችው እቴቴ ያሳደጓት የዘመድ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ እቴቴ ጠበል ሄደዋል» አለች። «ሱባኤ ነው የገቡት። እዚያ ስልክ አይያዝም።»

«መቼ ሄደች?»

«ሐሙስ።»

«ለብቻዋ? በዚያ ጉልበት?»

«ከጎረቤት ጋር ነው ጋሼ። አይስጉ።»

ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አስር ነበር፤ ታስሮ ያለቀውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።

«ጥሩ ነው» አልኩ ከዚያው ከወለሉ። «ጾሙም ነው፣ ለጉልበታቸውም ደግ ነው።»

«እሺ» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኔ ዝም ያልኩ ሰው ነበርኩ፣ ከዚያች በኋላ ግን የዋሸሁ ሰው ሆንኩ። ከሰዓት በጀልባ ፊዮርዱ ውስጥ ገባን። ካፒቴኑ አሳ ወደ ላይ ወረወረ፣ ክንፉ በር የሚያክል የባሕር ንስር ከገደሉ ወርዶ ከውሃው ላይ አነሳው። ፏፏቴዎቹ ከገደሉ እንደተንጠለጠሉ በረዶ ሆነው ቆመዋል፣ ሰማያዊ ናቸው። ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ወዳጄ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ብዙ አልተናገረም። ደክሞት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሰኞ አስጎብኚዎች በረዶው ውስጥ እንዳንሰምጥ እግራችን ላይ እንደ ወንፊት ሰፊ ጫማ አስረው ኮረብታ አወጡን። እኩሌታው ላይ ጉልበቴ አልሄድ አለኝና ግንድ ላይ ቁጭ አልኩ። ከፊት የነበረው ወዳጄ ተመልሶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከታች ከተማዋና ጥቁሩ ውሃ ይታያሉ። «ስለመጣህልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ካንተ በቀር ዝም ብዬ አብሬው የምቀመጥ ሰው የለኝም።»

ማክሰኞ ዙሪክ ስናርፍ ዙሪክ ዜባህ ወዳለው ቤቴ በመሄድ ፈንታ፣ «ጄኔቭ አብሬህ ልሂድ፣ ገና ፌሪየኔ፣ ዕረፍቴ፣ አላለቀም» አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። በባቡሩ እስከ ሎዛን ተኛ፣ ወይም ዓይኑን ጨፈነ። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ላይ አነጠፈልኝ።

ረቡዕ ንጋት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የበሩ ደወል ተደወለ። እኔ ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ወዳጄ በፒጃማው ከመኝታ ቤት ወጥቶ በሩን ከፈተ። ደረጃው ላይ እስከ ታች ድረስ ሰው ቆሟል፤ ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፣ ከፊት ጋሼ በምርኩዛቸው። እሱም እነሱን ብዙ አላየም። ዞሮ የተመለከተው እኔን ነው፤ ጫማዬን ሳይቀር አድርጌ፣ ለብሼ ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጥኩትን። ከዚያ «እቴቴ!» ብሎ ጮኸ፣ ይዘነው ወደቅን። ፊት ለፊት የሚኖሩት ስዊሳዊት ሴትዮ በራቸውን ከፍተው ደንግጠው ቆሙ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሰው ገባ፣ ወጣ። ምግብ አቀረብኩ፣ ወንበር ተሸከምኩ፣ ዕቃ አጠብኩ። ከሱ ጋር ብቻችንን አልሆንንም፤ እውነቱን ለመናገር እንዳንሆን እኔም ጥሬያለሁ። ቅዳሜ ወደ ሥራዬ ልመለስ ስነሳ፣ ጺሙ እንዳደገ ጥቁር ሹራቡን ለብሶ ልሸኝህ አለኝ። እምቢ አልኩት፣ አልሰማኝም።

ጄኔቭ ጣቢያ ላይ ባቡሩ ገና ነበር። ጎን ለጎን ቆምን።

«መቼ ነው የነገሩህ?» አለኝ።

«ሐሙስ። ቸኮላት ልትገዛ ስትሄድ።»

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። «ለቀብሩ አልደርስም ነበር» አለ። «ለሰልስቱ ግን እደርስ ነበር።»

«ጋሼ ናቸው አደራ ያሉኝ። ሥርዓታችን ነው ብዬ...»

«አውቃለሁ። እኔም ለስንት ሰው አድርጌዋለሁ። ጋሼን አልቀየምኩም።» ሐዲዱን እያየ ነው የሚናገረው። «እሑድ ዕለት ጠርጥሬ ነበር። ልጅቷ ጠበል ስትለኝ የማላውቀው ነገር መሰለህ? እኔም ስንቱን ጠበል ሄዷል ብዬ ዋሽቻለሁ። ዕቃዬን ይዤ ልነሳ ነበር። ከዚያ አንተን አየሁህ። ይሄ ነገር እውነት ቢሆን ኖሮ እሱ ይነግረኝ ነበር አልኩ። ስለዚህ ተውኩት።»

ባቡሩ መጣ። ሻንጣዬን አንስቶ አቀበለኝና ሳመኝ፣ እንደ ወትሮው። እኔም ገባሁ።