ሽማግሌ የተላከበት ኩላሊት

ባሌን ውኃ ይጠማው ነበር። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በቀን ከሁለት ብርጭቆ በላይ እንዳይጠጣ ሐኪሞቹ ስለከለከሉት፣ አፉን በውኃ ተጉመጥምጦ መልሶ ይተፋዋል። ሲተፋ እንዳላየው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኔም ያላየሁ መስዬ ልብስ አጣጥፋለሁ። አጥፌ የጨረስኩትን ልብስ ዘርግቼ እንደገና ያጠፍኩበት ቀን ብዙ ነው።

ማክሰኞና ዓርብ ደሙን በማሽን ለማሳጠብ ሆስፒታል እንሄዳለን። ሐኪሙ አንድ ቀን ወደ ጎን ወሰደኝና እጥበቱ ጊዜ ይሰጠው እንደሆነ እንጂ እንደማያድነው፣ አዲስ አበባ ላይ ግን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እንደተጀመረ ነገረኝ። ሰጪው ዘመድ መሆን አለበት። በማግስቱ ተመረመርኩ፤ ደሜ ከእሱ ጋር አልገጠመም። ውጤቱን የነገረችኝን ልጅ በጥፊ ልላት ምንም አልቀረኝ፤ የእሷ ጥፋት ምን ነበር? ልጆቻችን ገና ትንንሾች ናቸው። እናት አባቱ ሞተዋል። የቀረው አንድ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ገብስ እያረሰ፣ በግ እያረባ አምስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው።

“ጠይቀው” አልኩት ባሌን።

“አፍ አውጥቼ፣ ወንድሜን ከገላህ ቆርሰህ ስጠኝ አልልም።”

“ካልጠየቅከው ትሞታለህ እኮ!”

“ልሙታ” አለ።

“ለአንተማ ቀላል ነው፤ የምቀረው እኔ ነኝ” ብዬ በሩን ድርግም አድርጌው ወጣሁ። ውጭ ቆሜ አለቀስኩ። ፈርቼ ነበር፤ በጣም ፈርቼ ነበር።

እኔ ካቶሊክ ሆኜ ነው ያደግሁት። ጎንደር ላይ እንደ እኛ ያለው ጥቂት ነው። ባሌ እኔን አግብቶ ወደ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ኦርቶዶክስ የሆኑት ዘመዶቹ “ፈረንጅ ሆነ” ብለው አሹፈውበት ተዉት። በዚያ ሳምንት ወደ ቄሳችን ሄድኩ። ምክር ፈልጌ አይደለም። “ወንድም ለወንድሙ ኩላሊቱን መስጠት ግዴታው ነው” የሚል ቃል ከአፋቸው ተቀብዬ፣ ሄጄ ሰውየው ላይ ልጭንበት ነበር።

“ሰው ከገላው ከፍሎ ወንድሙን ማዳኑን ቤተ ክርስቲያናችን ታላቅ የፍቅር ሥራ ትለዋለች” አሉኝ አባ። ደስ አለኝ። “ሰጪውን የሚገድለው ወይም አካለ ስንኩል የሚያደርገው ካልሆነ። ካልተሸጠ። ደግሞም በፈቃዱ ከሆነ።”

“በፈቃዱ ማለት?”

“እምቢ ማለት እየቻለ እሺ ካለ። ስጦታ ነዋ ልጄ! ግዴታ ካደረግሽበት ነጠቅሽው እንጂ አልሰጠሽም።”

“በትንሣኤ ሙታን ጎዶሎ ሆኜ እነሣለሁ ብሎ ቢፈራስ?”

“ሰውን ከአፈር የሚያስነሣ አምላክ አንዲት ኩላሊት አትቸግረውም በይው” ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የትንሣኤ ቀን ለእኔ ሩቅ ነበር፤ የቀረበው ማክሰኞ ነው።

ስነሣ ሽማግሌ ልልክበት ማሰቤን ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

“ተይ፣ እንዳትልኪ። ብቻሽን ሂጂ። ጠይቂውና ዝም በይ። እምቢ ቢልሽም አመስግነሽው ተመለሺ።”

አመስግነሽው! ሚስት የሌላቸው ሰው ስለ ባል ምን ያውቃሉ ብዬ በሆዴ እያማኋቸው ወጣሁ።

እኛ ሀገር ትልቅ ነገር የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ልጅ ለትዳር ሲጠየቅ፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ ደም የተቃባ ደሙን ሲያደርቅ፣ ያለ ሽማግሌ አይሆንም። ሴት ልጅ ብቻዋን ሄዳ ኩላሊትህን ስጠኝ ብትል ንቀት ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው። ስለዚህ ሦስት ሰው አሰባሰብኩ። አንዱ የወንድምየው የነፍስ አባት ናቸው። ሌላው ሲያገባ ዋስ የሆኑት ጎረቤቱ፣ ሸምገል ያሉ ሰው። ሦስተኛው የባሌ የልብ ወዳጅ፣ ከጎንደር አብሮኝ የሄደ ሙስሊም ነጋዴ ነው።

ስንደርስ ወንድምየው ገብስ እየወቃ ነበር። ገለባውን ከልብሱ እያራገፈ መጣ፤ እጅ ነሥቶ ወደ ቤት አስገባንና “አረፍ በሉ” አለ። ማንም አላረፈም።

“ጉዳያችንን ካልፈጸምክልን አንቀመጥም፤ እህልህንም አንቀምስም” አሉት ጎረቤቱ።

ነጋዴው የወንድሙን ሕመም አስረዳው። የነፍስ አባቱ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። ሚስቱ ምሰሶውን ተደግፋ እሱን እሱን ታያለች። ሰውየው አንዴ ሽማግሌዎቹን፣ አንዴ ሚስቱን እያየ ብዙ ቆየ። ፈራ ብዬ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል፣ ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ።

“እሺ። ስለ እናንተ ስል እሺ። ተቀመጡልኝ” አለ።

“ሸጋ ልጅ!” አሉ ጎረቤቱ። እኔ በደስታ አለቀስኩ። አባን እዚያ አምጥቼ ባሳየኋቸው ብዬ ተመኘሁ።

ጎንደር ወርዶ ሲመረመር ደሙ ገጠመ። ባሌ እጥበቱን ማቋረጥ ስለማይችል ቤት ቀረ፤ እኔና ወንድሙ አዲስ አበባ ሄድን። እዚያ ሆስፒታል ከዋናው ምርመራ በፊት ሰጪውን ብቻውን የምታነጋግር አንዲት ሴት ነበረች። እሱን አስወጥታ እኔን አስገባችኝ።

“ማን ወሰነልህ ብዬ ብጠይቀው ሦስት ሰው ቆጠረልኝ” አለችኝ።

በኩራት ነበር የነገራት። ሦስት ሽማግሌ የተላከበት ሰው መሆኑ ክብሩ ነው፤ ነገሩ በወጉ መፈጸሙን የምታውቅለት መስሎታል። እምቢ ማለት ትችል ነበር ወይ ብላዋለች። “የነፍስ አባቴ ቆመው? ምን ነካሽ እቴ! ከዚያ ወዲያ በየት ሀገር ልኖር?” ብሏታል። የተናገረውን ጽፋው ኖሮ አነበበችልኝ።

“ተገድዶ የመጣ ሰው አንቀበልም። ከሦስት ወር በኋላ፣ ከፈለገ ብቻውን ይምጣና እንደገና እናነጋግረዋለን” አለች።

ሦስት ወር የለንም ብዬ ለመንኳት። እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሣችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ቃሏን ግን አልለወጠችም። አባ የነገሩኝን ራሱን ነው የነገረችኝ።

በአውቶቡስ ስንመለስ፣ ጎንደር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ጠዳን ስናልፍ ድንገት ወደ እኔ ዞረ።

“እትዬ፣ ምነው ያን ጊዜ ብቻሽን አልመጣሽ?”

“ብቻዬን ብመጣ ምን ልታደርግልኝ?”

“እኔማ ለአያ ልሰጠው ቆርጬ ነበር። ኩላሊት ከዘመድ እንደሚወሰድ ገበያ ላይ ሰማሁ። ገብሱን ወቅቼ ስጨርስ ጎንደር እወርዳለሁ ብዬ ለሚስቴ ነግሬያት ነበር። እናንተ ቀድማችሁ መጣችሁ።”

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። “ታዲያ ለሴትየዋ ይሄን ምነው አልነገርካት?”

“ሽማግሌ ቆሞ ለምኖኝ፣ ድሮም ልሰጥ ነበር ልበል? ልመናቸውን ከንቱ ላድርግባቸው? ነውር አይደለም?”

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። መጮህ ፈልጌ ነበር፤ አውቶቡሱ ሰው ሞልቶታል፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። እሱ ሕመም የተነሣብኝ መስሎት “አይዞሽ” እያለ ጀርባዬን መታ መታ ያደርገኛል።

ባሌ ሁለተኛው ወር ሳይሞላ ሞተ። ወንድሙ የሦስት ወሩን ቀጠሮ ለመጠበቅ እኛ ቤት ሰንብቶ ስለነበር፣ የሞተው በእሱ እጅ ላይ ነው። እኔ ከቀብሩ በኋላ ሄጄ ለአባ ተናዘዝኩ። በሆዴ ያማኋቸውን ጭምር ነገርኳቸው። “እግዚአብሔር ይፍታሽ” አሉኝ። እሳቸው ፈቱኝ፤ እኔ ግን ራሴን እስከ ዛሬ አልፈታሁም።

ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ ለመታሰቢያው ይመጣሉ። የነፍስ አባቱ ከዚያ ሁሉ መንገድ በእርጅናቸው ይመጣሉ፤ ነጋዴውም ቀርቶ አያውቅም። በልተው ሲያበቁ ጎረቤቱ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና “እኛ የሚቻለንን አደረግን፤ አምላክ አልፈቀደም” ይላሉ። ወንድምየው አጠገቤ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። አንድም ቀን አልነገራቸውም። እኔም “እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደክማችኋል” እላቸዋለሁ። ሌላ ምን እላለሁ? የላክኋቸው እኔ ነኝ።