ባርኔጣ የተቀመጠበት ወንበር

መጠጥ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ክፍል ሻይ የምትቀዳው ሴትዮ፣ ሰውየውን ገና በሩ ላይ ስታየው ያወቀችው መሰላት። ኮቱ ተተኩሷል፣ ጫማው ተወልውሏል፤ ዓይኑ ግን እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል።

«ለወንድሜ ብዬ ነው የመጣሁት፤ እኔ እንኳ አልጠጣም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«እሺ፣ ግባ የኔ ወንድም» አለችው። እሷም ያኔ «ለጎረቤቴ ነው» ብላ ነበር የገባችው። እዚያ ክፍል በመጀመሪያ ቀኑ ለራሴ ነው ያለ ሰው የለም።

ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ባርኔጣውን ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ያኖርና፣ ሊቀመጥ ለመጣ ሁሉ «ሰው አለው» ይላል። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል። ሌሎቹ ሲናገሩ፣ ለሰው የሚያደርሰው መልእክት ይመስል ቃላቸውን በከንፈሩ ያጠናል። እነሱም «ወንድምየው ዛሬም ቀረ?» እያሉ በሆዳቸው ይስቃሉ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ብቅል ስለሌለ በትዕግሥት ይጠብቁታል።

በቀደም ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አውጥቶ ተነሣ። አፉን ሳይከፍት ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

«ጎበዝ! ጠጪው አንተው መሆንህን እኮ ከመጀመሪያውም አውቀናል» አለችው ሴትዮዋ፣ ከሁሉ አስበልጣ እያጨበጨበች።

ጭብጨባው እስኪበርድ አቀርቅሮ ጠበቀ።

«ወንድሜን ቅዳሜ ቀበርነው» አለ። «ይመጣል ብዬ ነበር ቦታ የምይዝለት።»

ከዚያ ባርኔጣውን አነሣና ወንበሩን ወደ ሴትዮዋ ገፋ አደረገላት።

«ይቀመጡ እህቴ። አሁን ሰው የለውም።»