መንታ ጭራ ያላት ተከሳሽ

ትናንት ከሰዓት ጭልፊቴ ጉለሌ፣ በቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ፊት ቀረበች። አዎ... ጭልፊት። አምና ክረምት ከባሕር ዛፍ ወድቃ አግኝቻት፣ ሳንባ እያጎረስኩ ያሳደግኳት።

ከሳሿ ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ናቸው። «ጫጩቴን ነጥቃ ስትበር በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ! ጭራዋ መንታ ነው!» አሉ። ጥፋተኛ ከተባለች አንገቷ ይጠመዘዛል።

ዳኞቹ ግን መጀመሪያ ቃሉን ካልተረጎምን አሉ።

«መንታ ማለት ሁለት ነው» አሉ ሰብሳቢው ጋሽ ሞገስ፤ ከአብዮቱ በፊት የሰንበቴ አለቃ፣ አሁን ጓድ። «ሁለት ጭራ ያለው ወፍ ደግሞ እግዜር... እ... ማለቴ ተፈጥሮ አልፈጠረችም።»

«መንታ መንገድ ስንል አንዱ መንገድ ጫፉ ላይ ሲከፈል አይደለም እንዴ?» አሉ ሁለተኛው ዳኛ አባባ ሰይፉ።

«መንታ ምላስስ?» አሉ ጋሽ ሞገስ።

«እሱን እንኳ እርስዎ ይንገሩን!»

ሦስተኛው ዳኛ እንቅልፍ ላይ ናቸው።

ከአንድ ሰዓት ተኩል ክርክር በኋላ «ጫፉ እንደ ሱሪ እግር የተከፈለ ጭራ መንታ ይባላል» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ከዚያ ተከሳሿን ለማየት ግቢ ወጡ። በሲባጎ ታስራ አጥሩ ላይ ቁጭ ብላለች። ጭራዋ... ቁልጭ ያለ የሱሪ እግር!

«በቃ፣ ጥፋተኛ ናት!» አሉ ጋሽ ሞገስ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ እትዬ በለጡ ያዩዋት ስትበር ነው። ስትበርም ትታይልኝ!» አልኩና መልስ ሳልጠብቅ ሲባጎውን ፈታሁት።

ተነሳች። አናታችን ላይ ልትዞር ስትል ጭራዋን ዘረጋችው... ድፍን! ማራገቢያ በሉት!

«ድፍን ነው!» አሉ ጋሽ ሞገስ።

ቀጥ ብላ ስትበር ጭራዋ ተሰበሰበ። «መንታ ነው!» አሉ አባባ ሰይፉ።

ዞረች። «ድፍን!»

ቀጥ አለች። «መንታ!»

እትዬ በለጡ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቀሩ። እነሱ ሲጨቃጨቁ ጭልፊቴ አዲሱ ገበያን አልፋ ወደ እንጦጦ ሄደች። አልተመለሰችም። ሲባጎው እጄ ላይ ቀረ። (ጫጩቷን በልታ እንደሆነ... እሱን አትጠይቁኝ።)

ጋሽ ሞገስ መነጽራቸውን ጠርገው «ሸንጎ በወፍ አይናቅም!» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። ተከሳሿ በሌለችበት ሞት ተፈረደባት።

አሁን ውሳኔውን የሚያስፈጽም ክንፍ ያለው ጓድ እየተፈለገ ነው።