የእናቴ ቂምና የአባቴ መወልወያ

ሰምና ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ተቀላቅሎ ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ፣ ዛሬም በጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ እግሬ ሳላዘው ይቆማል። የልጅነት ቤታችን ሽታ ይህ ነበር። እሪ በከንቱ ሠፈር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ በተሠራችው ጠባብ ቤታችን፣ አባቴ ሰይድ ሰሙን በሸክላ ገል አቅልጦ፣ ከእሳቱ አውርዶ፣ አኳራጁን ጠብ እያደረገ በእንጨት ያማስለው ነበር፤ እናቴ ዘሀራም ጭሱን በነጠላዋ ጫፍ እያባረረች፣ ሽታው እንጀራው ውስጥ ገባ ብላ ታጉረመርም ነበር።

አባቴ ከወሎ ሲመጣ ኮርቻ ሠሪ ነበር። የከተማው መኳንንት ከበቅሎ እየወረዱ አውቶሞቢል መሳፈር ሲጀምሩ፣ ቆዳ ሲያለሰልስ የኖረው እጁ ቀለም ወደ ማለስለስ ዞሮ፣ አራዳ ላይ የአውቶሞቢል ማደሻ ቤት ለከፈተው ለግራዝማች ተክሌ ተቀጠረ። ግራዝማች ከዘራውን እያወናጨፈ የሚሄድ፣ ሠራተኛን በስሙ የማይጠራ ሰው ነበር። አባቴን፣ መወልወያ ከእጁ ስለማይለይ፣ «አንተ ጨርቅ» ነበር የሚለው። አባቴ ይህን ሲነግረን እየሳቀ ነበር፤ እናቴ ግን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከግራዝማች ደንበኞች ትልቁ የነበሩት አንድ ፊታውራሪ ጥቁር አውቶሞቢላቸውን ለማስወልወል ላኩ። አባቴ አንዱን ጎን በእጁ ጨርሶ ሄዶ በማግስቱ ሲመለስ፣ የሌላው ጎን በር ቀለሙ ክብ ክብ እየሆነ ተልጦ፣ ጠርዙ ላይ ብረቱ አግጥጦ አገኘው። ምን እንደደረሰ ገና ሳይጠይቅ ግራዝማች መጥቶ አነቀው፤ ከሰሙ ጋር አሸዋ ቀላቅለህ አዋረድከኝ እያለም እየጎተተ ፊታውራሪው ፊት አቀረበው። አባቴ በሩን እንዳልነካው ቢምልም፣ የግራዝማች ቃል ከኮርቻ ሠሪ ቃል ይከብድ ነበርና፣ አራዳ ገበያው መሀል፣ ሻጭና ገዢ ክብ ሠርቶ እያየ፣ ተገረፈ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜ ነበር። ጅራፉን ሳይሆን የማስታውሰው የግራዝማችን ፊት ነው፤ ከዘራውን ተደግፎ፣ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ እንደሚያይ ሰው ሰማዩን እያየ ነበር።

ክረምቱን አባቴ በሆዱ ተኝቶ፣ እናቴ ጀርባውን በለጋ ቅቤ እያሸችው፣ ጣሪያችን እያፈሰሰ፣ ቆሎ እየቆረጠምን አሳለፍነው። ሥራ የሚሰጠው ሰው ጠፋ፤ አሸዋ ቀላቃይ የሚል ስም ወጥቶለት፣ የሠፈር ልጆች እኔንም «የአሸዋው ልጅ» እያሉ ያሳድዱኝ ነበር። እናቴ አታለቅስም፤ ጥጥ ትፈትላለች፣ እንዝርቷም ከወትሮው በላይ ይሾራል። አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አባቴን ሳታየው እንዲህ አለችው፦

«ሰይድ፣ ይህን ሳልመልስ ብሞት መቃብር አይቀበለኝ።»

«ለአላህ ስጪው፣ ዘሀራ።»

«ለአላህ የሚሰጠውን ሰጥቻለሁ። የእኔ ድርሻ ግን አለ።»

የመስቀል በዓል እንዳለፈ፣ ግራዝማች ተክሌ አውቶሞቢል በራሱ የሚወለውል መኪና ከባሕር ማዶ አስመጣ፣ ከበዓሉ ወዲህ ገና ገባለት የሚል ወሬ አራዳን ሞላው። በኤሌክትሪክ የሚሾር፣ ሰው እጁን ብቻ የሚጭንበት ነው ተባለ። እናቴ ይህን በሰማች በሳምንቱ፣ የእናቷን የብር አልቦና ድሪ ጥቁር ቀለም በተቀባች የቆርቆሮ ሳጥኗ ውስጥ አድርጋ፣ አባቴንና እኔን አስከትላ፣ የፈረንጅ ዕቃ ወደሚሸጥበት ወደ አንድ አርመን ሱቅ ወጣች። እንደ ግራዝማች ያለ መኪና ገዝታ፣ በገዛ መሣሪያው ገበያውን ልትገድልበት ነበር ሐሳቧ። አባቴ ቤታችን የኤሌክትሪክ ሽቦ የለውም ቢላት፣ ሽቦውን እኔ አመጣዋለሁ ብላ ዘጋችው።

አርመኑ ሽማግሌ፣ አማርኛ አሳምሮ የሚያውቅ፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። ሁለት መወልወያ አወጣልን። አንደኛው እንደ ድስት ክዳን የሰፋ ሰሌዳ ያለው፣ ሽቦው ሲሰካ ቤቱን የሚያናውጥ የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። ሁለተኛው አንድ ሰው በእጁ መዘውሩን ሲያዞርለት፣ ዙሩ በረጅም ተጣጣፊ ዘንግ ተላልፎ፣ ሌላ ሰው በያዘው የበግ ለምድ የለበሰ ሰሌዳ ላይ የሚደርስ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ነገር ነበር። እናቴ በዚህኛው ላይ ዓይኗን እንኳ አልጣለችም። ትልቁ እንዲሞከርላት ሳጥኗን አቀረበች፤ አርመኑም ሰሙን ቀብቶ መኪናውን አስነስቶ የሳጥኑ ክዳን ላይ አሳረፈው። መኪናው ጮኸ፣ ቀለሙ ሸተተ፣ አርመኑ ደንግጦ ሲያነሳው የክዳኑ ቀለም ክብ ክብ ሆኖ ተልጦ፣ ጠርዙ ላይ ቆርቆሮው ነጥቶ ወጣ።

አባቴ ክዳኑን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ብርሃኑ ወሰደው። የተላጠውን ክብ በጣቱ ሲከተል አይቼ እንደገና የሚገረፍ መሰለኝ።

አርመኑ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ይህ መኪና እጅ ካልለመደው ቀለም ይበላል፣ ለግራዝማች ተክሌ መንታውን ስሸጥለትም ይህንኑ ነግሬው ነበር አለ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መቼ እንደሸጠለት ጠየቀችው።

«ከክረምቱ በፊት ነዋ» አለ አርመኑ። «ለምን፣ ልጄ?»

እናቴ አልቦውንና ድሪውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችና፣ ምርጫውን ለአባቴ ለቀቀችለት። አባቴ በእጅ የሚዞረውን መረጠ፤ ለምዱን በጉንጩ ነካክቶ፣ መዘውሩን አንዴ አዙሮ ድምፁን አዳምጦ፣ «ይህ ከእጄ ጋር ይግባባል» አለ። እናቴ ግን ከመኪናው ይልቅ የተላጠውን ክዳን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር ወደ ቤት የተመለሰችው።

ጥቅምትና ኅዳር እናቴ ጎህ ሲቀድ እየተነሣች ፊታውራሪው ደጅ ትሄድ ነበር። «አቤት! አቤት!» እያለች ትጮኻለች፣ ዘበኞቹ ያባርሯታል፣ ነገ ትመለሳለች። ብርዱ ሲጠነክር አባቴ እንድትተወው ለመናት፤ እሷ ግን ድምፅዋ እስኪሰለል ጮኸች። በመጨረሻ ጩኸቷ የሰለቻቸው ፊታውራሪ ሰገነት ላይ ወጥተው አስጠሯት። ክዳኑን ፈታች፣ የግራዝማች መኪና መንታ እንደላጠውም ነገረቻቸው። ለበሩ የሚሆን ቀለም ከባሕር ማዶ ገና ስላልደረሰ አውቶሞቢሉ ጨርቅ ለብሶ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበርና፣ ክዳኑ ከበሩ ጎን ተያዘ። ልጣጩ ከልጣጩ፣ ክቡ ከክቡ ገጠመ።

ግራዝማች ተጠርቶ መጥቶ፣ መኪናው ከመስቀል ወዲህ ነው የገባልኝ ብሎ በጊዮርጊስ ማለ። ከዚያ አርመኑ ተጠራና ከክረምት በፊት እንደሸጠለት፣ ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላም ማደሻ ቤቱ ድረስ ሄዶ አያያዙን እንዳሳየው ተናገረ። ግራዝማች መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ፊታውራሪው አባቴን አስጠርተው፣ በሐሰት ያስገረፍኩህ እኔ ነኝ፣ ምን ይደረግልህ ብለው ጠየቁት።

እናቴ ከጎኑ ሆና «ጅራፍ በል፣ ጅራፍ» ትለው ነበር፣ ተከትዬው ገብቼ ነበርና ሰምቻታለሁ።

አባቴ እጅ ነሣና «ጌታዬ፣ ጅራፍ አንድ ጊዜ አልፎ ይረሳል» አለ። «አዲሱ ቀለም ሲደርስ በሩን እኔ ልወልውል። መዘውሩን የሚያዞርልኝ ግን ግራዝማች ይሁኑ። ቦታውም አራዳ፣ እኔ የተገረፍኩበት።»

ፊታውራሪው ሳቅ ብለው ፈረዱ።

ጥር ላይ ቀለሙ ደረሰ። የጥር ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ አውቶሞቢሉ ገበያው መሀል ቆሞ፣ ግራዝማች ተክሌ ካባውን አውልቆ፣ ከዘራውን ለዘበኛ ሰጥቶ፣ መዘውሩን ያዘ። አባቴ አልቸኮለም። በሩን በስሱ፣ በክብ በክብ እያሻሸ፣ ዙሩ ሲቀዘቅዝበት ቀና ሳይል፣ በትሕትና፣ «ግራዝማች፣ ትንሽ ፈጠን ያድርጉልኝ» ይል ነበር። የአራዳ ልጆች ወዲያው ግጥም አወጡለት፦

አዙሩት ግራዝማች፣ እንዲህ ነው ሲዞር፣
ሰው ያስገረፈ እጅ፣ ይያዝ መዘውር።

እኔም ከእነሱ ጋር ዘፈንኩ፤ «የአሸዋው ልጅ» ይሉኝ የነበሩት ናቸው ያስጠኑኝ። እናቴ በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን ከግራዝማች ፊት ሳትነቅል ዋለች። ላቡ አገጩ ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ፣ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። እንደዚያ የጣፈጠ ዳቦ በልቼ አላውቅም።

በልጉ ዝናብ ግራዝማች ማደሻ ቤቱን ዘጋ። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወደ አባቴ መጡ፤ መዘውሩንም ከዚያ ወዲያ እናቴ ነበረች የምታዞረው፣ ክንዷ እስኪፈረጥም። ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ግራዝማች ሲሞት ሠፈሩ በሙሉ ለቅሶ ሄደ፣ አባቴም ሄደ። እናቴ አልሄደችም። የለቅሶው ድንኳን ድረስ ድምፁ እንዲሰማ፣ ደጃችን ላይ ወጥታ፣ ምንም ያልተያያዘበትን መዘውር ብቻዋን ስታዞር ዋለች።

አሁን እኔ ከእሷ ዕድሜ አልፌአለሁ። ባለፈው ዓመት አምስት ኪሎ አጠገብ ያለ ጋራዥ የልጄን መኪና ሲወለውል ቀለሙን ላጠው። ባለ ጋራዡ ይቅርታ ጠየቀ፣ እንደገና ቀባለት፣ ልጄም ጨብጦት አብረው ሻይ ጠጡ። እኔ ከመኪናው ሳልወርድ ቀረሁ። ልጄ ተመልሶ ፊቴን ሲያይ፣ «እማማ፣ ቀለም እኮ ነው» አለኝ። ለእሱ ቀለም ቀለም ብቻ በመሆኑ ደስ ይለኛል፤ በቀለም ምክንያት ሰው የማይገረፍበት ዘመን ላይ አሳድጌዋለሁና።

የግራዝማች የልጅ ልጅ ጎረቤቴ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ያለፈውን ማንም አልነገረውም። ጠዋት ጠዋት ቆቡን አንሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደምን አደሩ፣ ልጆቹስ፣ ጤናዎስ ብሎ አንድ በአንድ ይጠይቀኛል። እኔም አልሐምዱሊላህ እለዋለሁ። የእሱን ቤተሰብ ግን መልሼ አልጠይቅም።