በሶው ውስጥ የገባ እጅ

የያዙኝ ከትምህርት ቤት ስወጣ ነው። ጠመኔው ገና ከጣቶቼ አልለቀቀም ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች «መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አሉኝ፤ አምስቱ ደቂቃ ሰባት ወር ሆነ። ጥፋትህ ስብሰባ ላይ የተናገርከው ነው ተባልኩ። ምን እንደተናገርኩ ግን እኔም አላስታወስኩም፣ እነሱም አልነገሩኝም። ስብሰባው ላይ የነበርነው ስድስት ሰዎች ብቻ ስለሆንን ከአምስቱ ጓደኞቼ አንዱ እንደሸጠኝ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማየው ፊት ሁሉ የጠቋሚ ፊት ሆነብኝ።

ያጎሩን ከጎፋ በታች ባለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ አንድ። አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ሰዓታችንን መግቢያው ላይ ስለወሰዱብን ጊዜ የምንለየው ከአጥሩ ማዶ ባለው ፋብሪካ ሳይረን ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓትና ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሲቀያየር ይጮሃል። እሑድ ግን ዝም ነው።

ክፍሉን የሚመራው ካቦው ነበር፤ እስረኛው ራሱ የመረጠው አለቃ ማለት ነው። በሙያው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ድምፁ ወፍራም፣ ንግግሩ ቁጥብ። ሁለት ነገር ላይ አይደራደርም። ከቤት የመጣ ምግብ በሙሉ ወደ ማዕድ ይገባል፤ ጠያቂ ያለውም የሌለውም ከአንድ ትሪ ይበላል። ስለ ሌላው እስረኛ ጥቆማ ያመጣለትን ሰው ስም ደግሞ ቢገድሉት አያወጣም።

ባለሆዱ የመጣው እኔ በገባሁ በሦስተኛው ወር ነው። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ የሚኖር የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነኝ አለን፤ የተያዘውም በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ሰምጠዋል፣ ክንዱና ቅልጥሙ ሥጋ የለውም፣ ሆዱ ግን የስምንት ወር እርጉዝ ይመስላል። ስሙን ሳንለምደው ባለሆዱ አልነው። እሱም ፈገግ ብሎ ተቀበለው።

እኔ ግን አልሳቅኩም። እኛ ከስተን ሱሪያችንን በእጃችን ይዘን ስንሄድ የዚህ ሰው ሆድ በምን ይገፋል? ምርመራ ሲጠሩት ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይመለሳል፤ የዱላ ምልክት የለበትም። እሑድ ጠዋት ደግሞ በሩን ቆርቁሮ ዘበኛውን «ወንድሜ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ይላል። እስረኛ ሰዓት ምን ያደርግለታል? ቀጠሮ ያለው ሰው ነው ሰዓት የሚጠይቀው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሁሉንም ያባሰው በሶው ነው። እህቱ በየሳምንቱ ረቡዕ በከረጢት በሶ ታስገባለታለች። ሌላውን ምግብ ወደ ማዕድ ያቀርባል፤ በሶውን ግን ትራሱ ሥር ያኖረዋል። «ለሆዴ ሕመም የታዘዘልኝ ነው» ሲል ካቦው አንዴ አለፈለት። «ሆድ ያለው ሆዱን ያመዋል፤ እኛን ምን ያመናል?» ብሎ አንዱ አሳቀን።

ከዚያ ጉንዳኖቹ መጡ። አዲስ ገቢ የሚተኛው በር ሥር፣ የሽንት ጀሪካኑ አጠገብ ነው። አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ በበሩ ስንጥቅ የገባ የጉንዳን ሰልፍ ወደ ባለሆዱ ጥግ ሲጓዝ አየሁ። እሱ ምርመራ ተጠርቶ ወጥቷል። ተነሥቼ ካቦው ጆሮ ሥር ተቀመጥኩ።

«በሶው ውስጥ ስኳር አለ» አልኩት። «ስኳሩም ከቤት የመጣ አይመስለኝም።»

ካቦው ቀና ብሎ አየኝ። «መምህር፣ በሰው ላይ ነው የምትናገረው።»

«ሆዱን አታየውም?»

ከረጢቱን ከባለሆዱ ትራስ ሥር አንሥቶ ሰጠኝ። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። በሶው ደረቅ ነው፣ ቀመስኩት፣ ስኳር የለውም። ከሥር ግን ጣቶቼ ፌስታል ነኩ። ጎትቼ ሳወጣው በጥብቅ የታሰሩ ክኒኖች ሆኑ፤ አንዳንዶቹ ክብ፣ አንዳንዶቹ ረዘም ያሉ፣ በሁለት ቀለም።

«መርዝ ነው» አለ ከጥግ የተቀመጠ አንድ ሰው። ማንም አልሳቀም። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። የፈለግሁትን ጠቋሚ ያገኘሁት መሰለኝ።

ካቦው ፌስታሉን አብሮን ለታሰረው ድሬሰር አቀበለው። ድሬሰሩ በፉሪ በኩል ባሉ ጤና ጣቢያዎች ቁስል ሲያጥብና መርፌ ሲወጋ ያረጀ ሽማግሌ ነው። ክኒኖቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አገላበጣቸውና «እነዚህን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም» አለ። ከዚያ ሳይታሰብ ጎንበስ አለና ጉንዳኖቹን መከተል ጀመረ።

«በሶውን አልፈውታል» አለ። «ኑ እዩ። የሚሄዱት ወደ ሽንቱ ነው።»

እውነትም ሰልፉ ትራሱን ዞሮ ጀሪካኑ አፍ ላይ፣ ሽንት የተረጨበት ቦታ ላይ ይርመሰመሳል። ድንገት የባለሆዱ ጣሳ ታወሰኝ፤ ውሃ ጠጥቶ የማይረካ፣ ጠጥቶም ወዲያው ጀሪካኑ ጋ የሚቆም ሰው ነበር።

ባለሆዱ የተመለሰው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ከረጢቱን ካቦው ጉልበት ላይ፣ ፌስታሉን ድሬሰሩ እጅ ላይ አየ። የፈተሸው ማን ነው ብሎ አልጠየቀም።

«ሳይረኑ ጮኋል?» አለ።

«አልጮኸም» አለ ካቦው። «ይህ ምን እንደሆነ ሳታስረዳን ግን ወደ እጅህ አይመለስም።»

ድሬሰሩ ቀደመው። «ልጄ፣ ይጠማሃል?»

«በጣም።»

«ሽንትህን ጉንዳን ወሮታል። ስኳር በሽታ ይዞሃል።»

ባለሆዱ የሸሚዙን ቁልፍ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ፈታ። ሆዱ ተወጥሯል፤ ከሆዱ በላይ ያለው የጎድን አጥንት ግን ይቆጠራል።

«ይኼ የበላሁት አይደለም» አለ። «ኤድስ አለብኝ።»

ያን ጊዜ ቃሉ በሬዲዮ የሚሰማ እንጂ ሰው ስለራሱ የሚናገረው አልነበረም። አጠገቡ የተቀመጠው እስረኛ ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ሲሰበስብ ሰማሁ።

«መድኃኒት የለውም ይባላል» አለ ካቦው።

«የሚያድን የለውም። የሚያቆይ ግን አለ። እህቴ ከውጭ አገር በሰው በሰው እያስላከች ነው የምታመጣልኝ። ሀኪሙ ነግሮኝ ነበር፤ መድኃኒቱ ሥብህን ከፊትህና ከእግርህ አንሥቶ ሆድህ ላይ ይከምረዋል፣ ስኳርም ሊያመጣብህ ይችላል አለኝ። ሆዴን አየሁት። ስኳሩን እንኳ ከእናንተ መስማቴ ነው።»

«ይህን ሁሉ እያመጣብህ ለምን ትውጠዋለህ?» አልኩ። ድምፄ የጠያቂ ሳይሆን የመርማሪ ሆኖ ተሰማኝ።

«አምና ይኼኔ እህቴ አዝላ ነበር ሽንት ቤት የምታደርሰኝ» አለ። «አሁን በእግሬ ቆሜያለሁ። ጠዋትና ማታ በሰዓቱ ካልወሰድኩት ግን በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ የለኝም። ብነግራችሁ ታስወጡኛላችሁ፣ ፖሊሶቹም ይቀሙኛል ብዬ ፈራሁ። ለብቻዬ እበላለሁ፣ በራሴ ጣሳ እጠጣለሁ። እሱን ብቻ መልሱልኝ።»

ካቦው መልስ ሳይሰጥ ሳይረኑ ጮኸ። እንደዚያን ቀን ረጅም ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም። ድሬሰሩ ካቦውን አየው፤ ካቦው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ፌስታሉ ተመለሰ። ባለሆዱ ክኒኖቹን ለይቶ በውሃ ዋጠ።

ከዚያ ያልጠበቅነውን አደረገ። ከረጢቱን አንሥቶ የቀረውን በሶ በሙሉ ማዕዱ ትሪ ላይ ገለበጠው።

«ደንብ ነው» አለ። «ያላስገባሁት መድኃኒቱ ስለነበረበት ነው። አሁን የለበትም።» እጁን ወደ ዱቄቱ ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ትሪውን ወደ ካቦው ገፋ አደረገ። «እናንተ ለውሱት።»

እኔ ራሴን ጠላሁት። በሰው ጥቆማ ታስሬ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሴ ጠቋሚ ሆኜ ነበር። የበሶው ዱቄት እስከ ክርኔ ድረስ እንዳለ ነው፤ ለማራገፍ እንኳ አላሰብኩም።

«አንተው ለውሰው» አልኩት። «በሶው ያንተ ነው።»

አየኝ። ውሃ ጠብ አድርጎ በሁለት እጁ ለወሰው፣ እየጨበጠ እያድበለበለ መስጠት ጀመረ። የመጀመሪያውን ጭብጥ ለእኔ ሰጠኝ። በላሁ። ሁለት ሰዎች «ጠግበናል» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ አልፈርድባቸውም፣ እኔም እየፈራሁ ነው የዋጥኩት። ካቦው ግን ሁለተኛ ጠየቀ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ በሩን ቆርቁሬ ሰዓት የምጠይቀው እኔ ሆንኩ። አንድ አዲስ ገቢ ከጥጉ ሆኖ በዓይኑ ይከታተለኝ ነበር። የሚያስበውን አውቅ ስለነበር አልተቆጣሁትም።

ከወር በኋላ ባለሆዱን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት። ሞቷል ብዬ ስንት ዓመት አሰብኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጎፋ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። ጉንጮቹ እንደሰመጡ ናቸው። መድኃኒቱ በሌላ ተቀይሮልኝ፣ አሁን ከጤና ጣቢያ በነጻ እወስዳለሁ፣ ለስኳሩም ሌላ ክኒን አለኝ ሲል ነገረኝ። «ሆዴ ግን አልከዳኝም» ብሎ ሳቀ።

ለዓመታት የያዝኩትን ያኔ አወጣሁት። «ያን ቀን ለካቦው የጠቆምኩት እኔ ነበርኩ። በሶህ ውስጥ እጁን የከተተውም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ክንድህ ዱቄት ነበር።»

ታክሲው መጣና እሱ ገባበት። እኔን የጠቆመኝን ሰው እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ድሮ ባገኘው የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ አሁን ከአምስቱ ጓደኞቼ አንዱን መንገድ ላይ ሳገኝ ቆሜ ሰላም እላለሁ፣ ምሳ በልቶ እንደሆነም እጠይቀዋለሁ።