ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር

ባለፈው ሳምንት ደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ ስጠብቅ አንዲት ሴት የዓሣ ዘንቢል ይዛ አጠገቤ ቆመች። የዓሣው ሽታ ሞተሩን እያሞቀ ከቆመ አውቶቡስ ናፍጣ ጋር ሲቀላቀል አያ ሙሄ ትዝ አለኝ።

አያ ሙሄ በደርግ ጊዜ ከውጫሌ ደሴ የሚመላለስ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሳቁ ከጡሩምባው ቀድሞ የሚሰማ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰው። እኛ ሐይቅ ከተማ፣ መንገዱ ዳር ነበር ቤታችን። የታላቅ እህቴ የሀዋ ሁለቱም እግሮች በልምሻ ሰልለው ስለነበር በየሳምንቱ ደሴ ሐኪም ቤት ትመላለስ ነበር። እማ ገበያዋን መተው ስለማይሆንላት የአሥር ዓመት ልጅ የነበርሁት እኔ ቦርሳዋን ይዤ እከተላታለሁ።

አያ ሙሄ ለማንም የማያደርገውን ለሀዋ ያደርግላት ነበር። ደጃችን ላይ ያቆማል፤ ራሱ ወርዶ፣ ቤት ገብቶ፣ አቅፎ ያወጣትና ከጎኑ ካለው ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። እኔ ከኋላ በጤፍ ጆንያና በዓሣ ዘንቢል መሀል ቆሜ የሁለቱን ጭንቅላት አያለሁ። ማርሽ ሲቀይር ስንተኛ እንደሆነ ይነግራታል። ብርቱካን ይልጥላታል። ኬላው ጋ ሁላችንም ወርደን በብርድ ስንፈተሽ እሷ በመስኮት ቁልቁል ታየናለች። እሷን "ሀዋዬ" ይላታል፤ እኔን "የሀዋ እህት"። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ምነው የኔም እግር በሰለለ ብዬ የተመኘሁባቸው ቀኖች ነበሩ።

አንድ ጠዋት እማ በማለዳ ገበያ ወጥታለች። ሀዋ የብረት ጫማዋን አስሬላት፣ ነጠላዋን ተከናንባ በርጩማ ላይ ትጠብቃለች። ጡሩምባው ሲሰማ ብቻዬን ወጣሁ።

"ሀዋስ?" አለ አያ ሙሄ።

"አሟታል። እማ መድኃኒት አምጪ ብላ እኔን ላከችኝ።"

"አብሽሪ፣ ነይ ግቢ።"

ከውስጥ ሀዋ ስሜን ስትጣራ ሰማሁ። የሞተሩ ጩኸት ዋጠው።

ያ የተመኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። አያ ሙሄ ግን አንድም ማርሽ አላሳየኝም። "ያተኩሳታል? እህልስ ቀምሳለች?" ብሎ ከጠየቀኝ በኋላ እንደተከዘ ደሴ ደረስን። እስከምንመለስ ድረስ ሐኪም ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ዋልሁ። ከሰዓት በኋላ ለመመለስ ስንነሳ ብርቱካን ገዝቶ ጭኔ ላይ አኖረና "ለሀዋ ነው" አለኝ።

ደጃችን ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ። "ልጠይቃት" ብሎ ወረደ። ብርቱካኑን ይዤ ከኋላው ተከተልሁ።

ሀዋ እዚያው በርጩማ ላይ ነበረች። የብረት ጫማውን ማን ያውልቅላት? ዓይኖቿ አብጠዋል።

"ሀዋዬ፣ ተሻለሽ ወይ?"

ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

"አልሀምዱሊላህ፣ አያ ሙሄ። ጠዋት ነበር ያመመኝ።"

እሱ ጫማዋን አየ፤ ነጠላዋን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ቁጣውን ጠበቅሁ። ተንበርክኮ የጫማዋን ማሰሪያ እየፈታ፣ "ስምሽ ማነው?" አለኝ።

"ዘይነባ።"

"ዘይነባ፣ ከእንግዲህ አንቺና እኔ ነን የምናወጣት። ነይ ላሳይሽ።" አንድ እጄን ከጉልበቷ ሥር፣ ሌላውን ከጀርባዋ አኖረልኝ። "መጀመሪያ ንገሪያት። ሳትነግሪያት እንዳትነኪያት፤ ጆንያ አይደለችም።"

ከዚያ ወዲያ በግራና በቀኝ ሆነን አወጣናት። ወንበሩ የሷ፣ ቅናቱም የኔ እንደሆነ ቀረ። ሀዋ ያን ቀን ለእማ አልነገረችብኝም፤ ለኔም አንስታው አታውቅም። ጦርነቱ ሲቃረብ አውቶቡሱ ወታደር ማመላለሻ ሆነ ተባለ። አያ ሙሄን ከዚያ በኋላ አላየነውም።

ሀዋ ዛሬ ሐይቅ ልብስ ትሰፋለች። ለሐኪም ስንመጣ ሚኒባስ ላይ የማወጣት እኔ ነኝ። ረዳቱ ቀድሞኝ እጁን ሲዘረጋ አሁንም ቅናቱ ቆንጠጥ ያደርገኛል። "ሀዋ፣ ላነሳሽ ነው" እላታለሁ።

እሷም ልጁን ገፋ ታደርገውና፣ "ተዋት የኔ ልጅ፣ እሷ ታውቅበታለች" ትለዋለች።